ጃምብል አፈታት፦ ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው

«እንግሊዝኛህ ከኔ አይበልጥም። እንዴት ነው ቡናህን ሳትጨርስ የምትፈታው?»

ይህን ያልጠየቀኝ የሥራ ባልደረባ የለም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ጠዋት መኪናው ከመብዛቱ በፊት ጋዜጣ ገልጬ ጃምብል የሚባለውን የተዘበራረቁ ፊደሎች እንቆቅልሽ እፈታለሁ። ማርች አልቆ ኤፕሪል ሲገባ ጥያቄው ይብሳል። የቤዝቦል ወቅት ስለሚጀምር ከእንቆቅልሹ ጋር የሚወጣው ስዕል ላይ ዱላና ኳስ ይበዛል። አብሮኝ የሚሞክረው ሰው ሁሉ «እኔ ቤዝቦል አላውቅም» ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። በቀደም አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው «እስቲ በወረቀት አስቀምጥልኝ ልጄ፣ በቃል ስትነግረኝ ይጠፋኛል» አሉኝ። እነሆ አስቀመጥኩ።

ጨዋታውን አይታችሁት ለማታውቁ፣ በሥራ ቀን የሚወጣው ጃምብል አራት የተዘበራረቁ ቃላት አሉት። ሁለቱ ባለ አምስት ፊደል፣ ሁለቱ ባለ ስድስት ናቸው። የእሑዱ ከበድ ይላል፤ ስድስት ቃላት አሉት፣ ሁሉም ባለ ስድስት ፊደል። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ መልሱን የምትጽፉባቸው ሳጥኖች አሉ። አንዳንዶቹ ሳጥኖች ውስጥ ክብ ተስሏል። በጎን ደግሞ አንድ የካርቱን ስዕልና መጨረሻው ባዶ የሆነ ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ክቦቹ ውስጥ የገቡትን ፊደሎች ሰብስባችሁ እንደገና ስታስተካክሏቸው ያንን ባዶ ቦታ ይሞላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ። የምጽፈው በፊደላችን ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ፊደሎች በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልኩ። እናንተ ግን ወረቀት ላይ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፋችሁ ተከተሉኝ። ዝም ብላችሁ ካነበባችሁት ግራ ያጋባችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዕለቱ ጋዜጣ፣ የጨዋታው ገጽ
- እርሳስና ላጲስ
- ጀርባው ባዶ የሆነ ወረቀት፤ አሮጌ ፖስታም ደረሰኝም ይሆናል
- ስድስት ሰባት ቆርኪ ወይም የውሃ ጠርሙስ ክዳን (ለጀማሪ)
- ከዚህ በታች የማስቀምጠው የቤዝቦል ቃላት ዝርዝር

ቆርኪው ቀልድ አይደለም። በነጭ ፕላስተር ላይ ፊደሉን ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ትለጥፉና ጠረጴዛ ላይ ታዘዋውሩታላችሁ። በጭንቅላት ስድስት ፊደል ይዞ ማገላበጥ ያደክማል። በእጅ ሲሆን ግን ዐይን በአጋጣሚም ቢሆን ቃሉን ያየዋል። ልምድ ስታገኙ ትተዉታላችሁ።

ቤዝቦል በአጭሩ

ሁለት ቡድን ነው፣ በየቡድኑ ዘጠኝ ሰው። አንዱ ቡድን ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ሌላው በየተራ ይመታል። ፒቸር ይወረውራል፣ ባተር በዱላ ይመታል፣ ከባተሩ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ጓንት የዘረጋው ካቸር ነው። ከእነሱ ኋላ የቆመው ዳኛ አምፓየር ይባላል። ባተሩ ሞክሮ ከሳተ ወይም ደህናውን ውርወራ ዝም ብሎ ካሳለፈ ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ከሆነ ወጣ። ፒቸሩ አራት ጊዜ ከመስመር ውጭ ከወረወረና ባተሩ ካልሞከረው፣ ባተሩ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ (ሜዳው ላይ ሯጩ የሚረግጠው ምልክት) ይሄዳል፤ ይህ ዎክ ነው። የመታ ሰው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤዝን ረግጦ ወደ ተነሳበት ሆም ፕሌት ሲመለስ አንድ ራን ይቆጠራል። ሦስት ሰው ከወጣ ቡድኖቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ሁለቱም አንዴ አንዴ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ አለቀ። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው።

ለጃምብል ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም። እኔ ራሴ አንድም ጨዋታ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም።

አብረን የምንፈታው ምሳሌ

ከጋዜጣ አልወሰድኩትም፣ ለዚህ ጽሑፍ ራሴ የሠራሁት ነው።

አንደኛ ቃል፦ ቲ፣ ኤች፣ ኤን፣ ኦ፣ ኤም። ክቦቹ 1ኛውና 5ኛው ሳጥን ላይ ናቸው።
ሁለተኛ ቃል፦ ቪ፣ ኦ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤል። ክቦቹ 2ኛውና 3ኛው ላይ።
ሦስተኛ ቃል፦ ኬ፣ ኢ፣ ቲ፣ ቲ፣ አይ፣ ሲ። ክቦቹ 5ኛውና 6ኛው ላይ።
አራተኛ ቃል፦ ዲ፣ ኤ፣ ፒ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ። ክቦቹ 1ኛው፣ 2ኛውና 6ኛው ላይ።

ስዕሉ ይህ ነው፤ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች የቡድኑን ኮፍያ ሳያወልቅ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው በሩ ጋ እንደቆመ ነው። ሚስቱ ራት ታቀርብለታለች። ከስሩ «ከሁለት ሳምንት የውጭ ጨዋታ በኋላ የናፈቀው ይህ ነበር» ይላል። መልሱ ሁለት ቃል ነው፣ የመጀመሪያው ባለ አራት ፊደል፣ ሁለተኛው ባለ አምስት።

1. ስዕሉን እዩ፣ ግን ገና አትፍቱት

መጀመሪያ አንድ አሥር ሰከንድ ስዕሉን ተመልከቱ። ማን አለ? ምን ይዟል? የት ነው ያለው? ሁለት ሦስት ነገር ጠርዝ ላይ ጻፉ። በእኛ ምሳሌ ቤት፣ ምግብ፣ ተጫዋች።

ይህ የሚጠቅመው ለመጨረሻው መልስ ነው። ለአራቱ ቃላት አይጠቅምም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስዕሉ ቤዝቦል ስለሆነ አራቱም ቃላት ከቤዝቦል የመጡ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቃላቱ ተራ ቃላት ናቸው፣ ከስዕሉ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። አልፎ አልፎ ሁሉም ቤዝቦል የሚሆኑበት ቀን አለ፤ ያንን ግን ሁለቱን ስትፈቱ ታውቁታላችሁ።

2. ፊደሎቹን በክብ ገልብጡ

ቃሉን ጋዜጣው ላይ እንደተጻፈ አታፍጥጡበት። ወረቀታችሁ ላይ ፊደሎቹን እንደ ሰዓት ቁጥር ዙሪያውን በትኑ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አዘጋጆቹ ፊደሎቹን የሚያዘበራርቁት የሚነበብ እንዲመስል አድርገው ነው። ሁለተኛውን ቃላችንን እዩት፤ «ቮጌል» ብላችሁ አንብባችሁታል አይደል? እኛ ደግሞ በዚህ በኩል ከፈረንጁ ይልቅ እንጎዳለን። በእኛ ፊደል አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ «ቮ» አንድ ፊደል ነው። ስለዚህ ዐይናችን ቪን እና ኦን ጎን ለጎን ሲያይ ወዲያው ይሰፋቸዋል። ከተሰፋ በኋላ መፍታት መከራ ነው። በክብ ሲሆኑ ግን መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌላቸው አይነበቡም። አለመነበባቸው ነው የሚፈለገው።

3. አናባቢዎቹን ለዩ

ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ። ከእነዚህ ያለውን ወደ አንድ ጎን አውጡና ቁጠሩ። ዋይም አንዳንዴ የአናባቢ ሥራ ስለሚሠራ በተለይ መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት።

አምስት የተለያዩ ፊደሎች በ120 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። ስድስት ሲሆኑ 720። ሁሉን እሞክራለሁ ያለ ሰው ቡናው ብቻ ሳይሆን ምሳውም ይቀዘቅዛል። አናባቢዎቹን ስትለዩ ግን አብዛኛው አደራደር በአንዴ ይወድቃል። አንደኛው ቃል ውስጥ ያለው አናባቢ ኦ ብቻ ነው። ስለዚህ ኦ መሃል አካባቢ መሆኑ አይቀርም፣ ዙሪያውን ተነባቢዎች ይከቡታል። አራተኛው ቃል ሦስት አናባቢ አለው፤ ሁለት ኤ፣ አንድ ኢ። ሦስት በሦስት ሲሆን ብዙ ጊዜ እየተፈራረቁ ይመጣሉ።

4. ጓደኛሞቹን ፈልጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በእንግሊዝኛ ተለያይተው መኖር የማይወዱ ፊደሎች አሉ። ቲ ከኤች፣ ሲ ከኤች፣ ኤስ ከኤች፣ ሲ ከኬ፣ ፒ ከኤች፣ ኤን ከጂ። ኪው ካያችሁ ዩን ከኋላው ለጥፉት። በሌላ በኩል የማይሆኑበትን ቦታ ማወቅም እኩል ይጠቅማል። ሲ-ኬ ቃል አይጀምርም። ኤን-ጂም አይጀምርም። በቪ የሚያልቅ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል የለም ማለት ይቻላል፤ ቪ መጨረሻ አካባቢ ካለች ኢን ታስከትላለች።

መጨረሻዎችንም ሞክሩ፦ ኢ-አር፣ ኤል-ዋይ፣ ኢ-ቲ፣ ኤል-ኢ፣ ኢ-ኤን፣ አይ-ኤን-ጂ።

አሁን ምሳሌያችንን እንፍታ።

ሁለተኛው ቃል ውስጥ ቪ አለች። ቪ እና ኢን አያይዛችሁ መጨረሻ ላይ አስቀምጧቸው። የቀሩት ጂ፣ ኤል፣ ኦ ናቸው። ጂ-ኤል-ኦ፣ ከዚያ ቪ-ኢ። ግለቭ፣ ጓንት። አለቀ። ከአምስት ፊደል ሁለቱ ቦታቸውን ሲይዙ የቀሩት ሦስቱ በስድስት መንገድ ብቻ ነው የሚደረደሩት፣ ያንን ልጅም ይሞክረዋል።

አንደኛው ቃል ወጥመድ አለው። ቲ-ኤች መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው እናንተም እዚያው እንድትተዋቸው ይጋብዟችኋል። ሞክሩት፤ ቲ-ኤች-ኦ... ከኤን እና ከኤም ጋር የሚሆን ነገር የለም። እንግዲያውስ ወደ መጨረሻ ውሰዷቸው። የቀሩት ኤም፣ ኦ፣ ኤን ናቸው። መንዝ፣ ወር ማለት ነው። ደንቡን ያዙልኝ፤ ጓደኛሞች ካገኛችሁ መጀመሪያም መጨረሻም ሞክሯቸው። አዘጋጆቹ መጨረሻ የሚቀመጠውን መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ይወዳሉ።

ሦስተኛው ውስጥ ሲ እና ኬ አሉ። ሲ-ኬ ቃል ስለማይጀምር ከፊታቸው አናባቢ ያስፈልጋቸዋል። አይን ስጧቸው፤ አይ-ሲ-ኬ። የቀሩት ሁለት ቲ እና አንድ ኢ ናቸው። አንዱ ቲ ፊት ይሂድ፣ ኢ-ቲ መጨረሻ ይሁን። ቲኬት። ይህን ቃል በየቀኑ እየቀደድኩ ለሰው ስሰጥ ውዬ እንኳ ተዘበራርቆ ሳየው አላውቀውም።

አራተኛው ውስጥ ጓደኛሞች የሉም፤ ፒ፣ አር፣ ዲ። እንዲህ ሲሆን ኢን መጨረሻ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። እንግሊዝኛ ድምፅ የሌለውን ኢ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይወዳል። ኤ-ዲ-ኢ፤ የሎሚናት መጨረሻ ትመስላለች አይደል? ፊት የቀሩት ፒ፣ ኤ፣ አር ናቸው። ፓሬድ፣ ሰልፍ።

5. ሁለት ደቂቃ ካለፈ እለፉት

አንድ ቃል ላይ ተጣብቃችሁ አትቀመጡ። ወደሚቀጥለው ሂዱና ተመለሱ። ዐይን አንዴ የተሳሳተ ቃል ካየ እሱኑ ደጋግሞ ያያል። ሌላ ነገር ሲያይ ቆይቶ ሲመለስ ነው የሚለቀው። እኔ ብዙ ጊዜ አንድ መኪና አቁሜ ስመለስ ቃሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

6. ፊደል በፊደል አጣሩ

ቃሉን ሳጥኑ ውስጥ ከመጻፋችሁ በፊት የተሰጠውን ፊደል አንድ በአንድ ሰርዙ። የቀረ ካለ ወይም የጎደለ ካለ ተሳስታችኋል። ፓሬድን ስትጽፉ ሁለት ኤ ተሰርዘዋል? ቲኬት ላይ ሁለት ቲ?

ይህን የሚዘል ሰው መጨረሻ ላይ ይከፍላል። ክቡ የሚቆጥረው ቦታ ነው። አንድ ፊደል ከቦታው ከተንሸራተተ ክቡ ውስጥ የሚገባው ሌላ ይሆናል፣ የመጨረሻው መልስም በጭራሽ አይመጣም። ስህተቱን ደግሞ የምትፈልጉት ስዕሉ ላይ እንጂ እዚህ አይሆንም።

7. የክቦቹን ፊደሎች አውጡ

በአዲስ ወረቀት፣ እንደገና በክብ። ከመንዝ ኤም እና ኤች። ከግለቭ ኤል እና ኦ። ከቲኬት ኢ እና ቲ። ከፓሬድ ፒ፣ ኤ እና ኢ። ዘጠኝ ፊደል ሆነ። መልሱ አራት ሲደመር አምስት ነው፤ ዘጠኝ። ቁጥሩ ካልገጠመ አንድ ክብ ዘላችኋል።

8. ሰሙን ትታችሁ ወርቁን፣ ወርቁን ትታችሁ ሰሙን

አሁን ነው ስዕሉ የሚሠራው። የጃምብል መልስ ቀጥተኛ አይደለም፤ የቃላት ጨዋታ ነው። እኛ ለዚህ ስም አለን፣ ኅብረ ቃል እንለዋለን። ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም። «ገና» ብላችሁ ጻፉ፤ በዓሉም ነው፣ በዱላ የሚመታው ኳስ ጨዋታም ነው፣ «ገና አልመጣም» ስንልም ያው ነው። አንድ ጽሕፈት፣ ሦስት ነገር። ጃምብል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ ትርጉም ስዕሉ ላይ ይታያል፤ እሱ ሰሙ ነው። ሌላው ትርጉም ከቤዝቦሉ ይመጣል፤ እሱ ወርቁ ነው። ከሁለቱ አንዱን ካገኛችሁ ሌላው ይጎተታል።

ደረጃ 1 ላይ የጻፍነውን እንይ፤ ቤት፣ ምግብ፣ ተጫዋች። ቤት በእንግሊዝኛ ሆም ነው፣ ባለ አራት ፊደል። ኤች፣ ኦ፣ ኤም፣ ኢ፤ አራቱም አሉን። ሰርዟቸው። የቀሩት ኤል፣ ቲ፣ ፒ፣ ኤ፣ ኢ ናቸው። ምግብ በምን ይቀርባል? በሳህን። ፕሌት። ሆም ፕሌት። ሰሙ ሚስቱ የምታቀርብለት የቤቱ ሳህን ነው። ወርቁ ባተሩ አጠገቡ የሚቆመው፣ ባለ 5 ማዕዘን፣ ወርዱ 17 ኢንች የሆነው ነጭ የጎማ ሰሌዳ ነው።

ልብ በሉ፤ ሆም ፕሌት ምን እንደሆነ ባታውቁም ሰሙ ብቻውን አድርሷችኋል።

ለወርቁ ግን ድርብ ትርጉም ያላቸውን የቤዝቦል ቃላት መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ አይደሉም፣ ይመላለሳሉ።

ፒቸር፦ ወርዋሪው፤ የውሃ ጆግ
ባተር፦ መቺው፤ የፓንኬክ ሊጥ
ባት፦ ዱላው፤ የሌሊት ወፍ
ፒች፦ ውርወራ፤ የሻጭ ማባበያ፤ የድምፅ ከፍታ
ስትራይክ፦ ባተሩ ላይ የሚቆጠርበት ውርወራ፤ የሥራ ማቆም አድማ
ዎክ፦ በነፃ ወደ ቤዝ መሄድ፤ የእግር ጉዞ
ስቲል፦ ቤዝ መስረቅ፤ ሌብነት፤ በርካሽ የተገኘ ዕቃ
ፍላይ፦ ሽቅብ የተመታ ኳስ፤ ዝንብ፤ የሱሪ ዚፕ
ራን፦ ነጥብ፤ ሩጫ
ሂት፦ የተሳካ ምት፤ ሰው ሁሉ የሚያዜመው ዘፈን
ሲንግል፦ አንድ ቤዝ የሚያስገኝ ምት፤ ላጤ
ሴፍ፦ ያልተያዘ ሯጭ፤ ካዝና
ዳይመንድ፦ የቤዞቹ አራት ማዕዘን፤ አልማዝ
ቦል፦ ኳሱ፤ የዳንስ ግብዣ
ፋን፦ ደጋፊ፤ ማራገቢያ

ከስዕሉ ጋር አገናኙት። ስዕሉ ላይ ዳቦ ጋጋሪ ካለ ባተርን ጠርጥሩ። ሠራተኞች ሰሌዳ ይዘው ከተሰለፉ ስትራይክ ነው። ሙሽሪት ካለች ዳይመንድ፣ ባንክ ካለ ሴፍ።

ድምፃቸው አንድ ሆኖ ጽሕፈታቸው የሚለያዩም አሉ። ቤዝ ጊታር የምንለው ቤዝ በኤስ-ኤስ ያልቃል፤ የሜዳው ቤዝ በኤስ-ኢ። እኛ ሁለቱንም አንድ አድርገን ስለምንጽፋቸው ቀልዱ ቶሎ ይገባናል፣ ፊደሉ ግን ያስተናል። ፋውልም እንዲሁ ነው። በዩ ሲጻፍ ከመስመር የወጣ ኳስ፣ በደብልዩ ሲጻፍ ዶሮና ዳክዬ። ስዕሉ ላይ ዶሮዎች ቤዝቦል ሲጫወቱ ካያችሁና ከክቦቹ ደብልዩ ከወጣላችሁ፣ መልሱ ፋውል ቦል ነው፣ በዶሮው ፋውል። ሦስት ኤል መኖሩንም አረጋግጡ።

ባዶ ቦታው በትእምርተ ጥቅስ ከታጠረ እንዲህ ያለ ቀልድ አለበት ማለት ነው። ቃሉን ቃል በቃል አትፈልጉት።

9. ከኋላ ወደ ፊት

አንድ ቃል እምቢ ካላችሁ መጨረሻውን ቀድማችሁ ፍቱ። ቲኬት አልመጣላችሁም እንበል። በእጃችሁ ያሉት ኤም፣ ኤች፣ ኤል፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤ፣ ኢ ናቸው፣ ሰባት። ሁለት ይጎድላሉ። ስዕሉን አይታችሁ «ሆም ፕሌት ይሆን?» ካላችሁ፣ የሚጎድሉት ኢ እና ቲ መሆን አለባቸው። ሁለቱም ሦስተኛው ቃል ውስጥ አሉ፤ ግምታችሁ አልወደቀም። እንግዲህ ቃሉ በኢ-ቲ ወይም በቲ-ኢ ያልቃል። ከፊት የቀሩት ቲ፣ አይ፣ ሲ፣ ኬ ብቻ ናቸው። እሱን ደግሞ ዓይን ጨፍኖም ማግኘት ይቻላል።

እኔ ከሦስት አንዱን ጃምብል የምጨርሰው በዚህ መንገድ ነው። ማጭበርበር አይደለም።

10. በማግስቱ አጣሩ

መልሱ በሚቀጥለው ቀን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ያልፈታችሁትን ቃል አይታችሁ አትለፉ። ወረቀታችሁ ላይ ጻፉና የትኛው ጓደኛሞች እንዳመለጧችሁ አስምሩ። ያመለጣችሁ ነገር ይደጋገማል። የኔ ለምሳሌ ኬ-ኤን ነበር። ኬው ስለማይነበብ «ኖክ» በኤን የሚጀምር ይመስለኝ ነበር።

ዘወትር የሚፈጸሙ ስህተቶች

በድምፅ መጻፍ። እኛ የሰማነውን እንጽፋለን፣ እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። የማይነበቡ ፊደሎች አሉ። ፊደል ተርፎ «ቃሉ ግን ትክክል ነው» ካላችሁ፣ ቃሉ ትክክል አይደለም።

መንታ ቃል። አንዳንድ ፊደሎች ሁለት ቃል ይሠራሉ። ፕሌየር እና ሪፕሌይ ፊደላቸው አንድ ነው፤ አምፓየርም ተዘበራርቆ «ንጹሕ ያልሆነ» የሚል ቃል ይወጣዋል። የጋዜጣው አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ይሸሻሉ። ራሳችሁ ለልጆች ስትሠሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ልጁ ትክክል መልሶ «ተሳሳትክ» ትሉታላችሁ።

የእጅ ጽሑፍ። አይን እንደ ኤል፣ ዩን እንደ ቪ የሚጽፍ ሰው የራሱን ክብ ማንበብ ያቅተዋል። በትልልቁ ጻፉ።

ኢ እና አይ። በተለይ ሌላ ሰው ፊደሎቹን ጮክ ብሎ ሲያነብላችሁ። በየፓርኪንጉ ጫፍና ጫፍ ሆነን ስንጫወት ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል። ራሳችሁ እዩት።

ማስጠንቀቂያ

በእስክሪብቶ አትጀምሩ። የጋዜጣ ወረቀት ስስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሰረዛችሁበት ክቡ የት እንደነበር ይጠፋል።

የሚፈታ አፕ አትክፈቱ። አራቱን ቃላት በሰከንድ ይሰጣችኋል፣ ነገር ግን ዐይናችሁ የሚለምደው ደረጃ 4 ላይ ስትለፉ ነው። ነገም አፑን ትከፍታላችሁ።

ሥራ ላይ ሆናችሁ ሰው ሲመጣ እርሳሱን አስቀምጡ። አንዴ አራተኛው ቃል ላይ ተጠምጄ የአንዱን ደንበኛ ቁልፍ ለሌላው ሰጥቻለሁ። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ «ይሄ መኪና የኔ አይደለም፣ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። መሪ ከጨበጣችሁማ አስቡትም አልልም፤ ጭንቅላት ውስጥ ፊደል የሚያገላብጥ ሰው ቀይ መብራት አያይም።

የቤዝቦል ስዕል መቼ ይጠበቃል

ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ፣ ወቅቱ ሲከፈት። ኤፕሪል 15 ሁሉም ተጫዋች ለጃኪ ሮቢንሰን መታሰቢያ 42 ቁጥር ይለብሳል። ጁላይ ላይ የኮከቦች ጨዋታ አለ። ኦክቶበር ላይ የዓለም ሻምፒዮናው፣ ወርልድ ሲሪስ የሚሉት። በእነዚህ ቀናት ዝርዝሩን አጠገባችሁ አድርጉ። ኬ ብቻዋን ስዕሉ ላይ ተደጋግማ ካያችሁ ደግሞ አትገረሙ፤ በቤዝቦል መዝገብ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት የወጣ ሰው የሚመዘገበው በኬ ነው።

መለማመጃ

አራቱም የቤዝቦል ቃላት ናቸው። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በክብ ጻፏቸው።

ሀ. ዩ፣ ኤን፣ ቲ፣ ቢ
ለ. ኤን፣ ኤም፣ ዲ፣ ኦ፣ ዩ
ሐ. ኤን፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤን
መ. ዩ፣ ጂ፣ ዲ፣ ቲ፣ ኦ፣ ዩ

ሐ ላይ ኤን-ጂ ቃል እንደማይጀምር አስታውሱ። መ ላይ ሁለት ዩ አለ፤ ቃሉ የሁለት ትንንሽ ቃላት ግጥምጥም ነው።

መልስ፦ ሀ. በንት፣ ኳሷን በዱላ ነካ አድርጎ አጠገብ መጣል። ለ. ማውንድ፣ ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ። ሐ. ኢኒንግ። መ. ዳግአውት፣ ተጫዋቾቹ ተራ የሚጠብቁበት ከሜዳው ዝቅ ያለ መቀመጫ።